እጇን የደበቀች እናት

አንዲት እናት ነበረች፤ ስሟ ደብሪቱ ይባላል። ሁለት ልጆች ቀብራለች። አንዱን ኩፍኝ፣ ሌላውን የክረምት ጎርፍ ወሰደባት። ባሏም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። የቀረቻት የሰባት ዓመቷ ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች። ደብሪቱ ይህቺን ልጅ ከሞት የምትጠብቅበት አንድ መላ ነበራት፤ እሱም ማስፈራራት ነው።

ወንዝ እንዳትወርድ ጋኔን አለ ትላታለች። ጫካ እንዳትገባ ጅብ አለ። መንገድ ዳር እንዳትቆም ልጆችን በስልቻ ከቶ የሚሄድ ሰውዬ አለ። እነዚህ ሁሉ በማይደርሱበት ቦታ ደግሞ እግዜር አለ። “እኔ ባላይሽ እሱ ያይሻል። ዓይኑ አይከደንም። ያጠፋሽ ዕለት...” ትልና ሳትጨርሰው ትተወዋለች። ያልተጨረሰ ማስፈራሪያ ከተጨረሰው ይከፋል፤ የጎደለውን ልጅቷ ራሷ ትሞላዋለችና።

ደብሪቱ ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጇ እንቅልፍ ሲወስዳት ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ታዳምጣለች፤ መኖሯን ሳታረጋግጥ አትተኛም። ልጅቷ ግን ይህን አታውቅም፣ ተኝታለች። ነቅታ የምታውቀው የተቀሰረውን ጣትና ከፍ ያለውን ድምፅ ነው። የብዙ ወላጆች ፍቅር እንዲህ ነው፤ የሚገለጠው ልጁ ካንቀላፋ በኋላ ነው።

የዚያ አገር ሰዎች ማሽላቸውን በጎተራ አያኖሩም፤ መሬት ቆፍረው ይቀብሩታል። ጉድጓዱ የእንስራ ቅርጽ አለው። አንገቱ አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ ሆዱ ግን ቤት ያህላል። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል፤ ሰኔ ላይ የቤት እህል ሲያልቅ ይከፈታል። በተከፈተበት ቀን ማንም አይገባበትም። ወራት ሙሉ የታፈነ እህል አየሩን ይበክለዋል። ያ አየር በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም፤ የገባበትን ሰው ግን ድምፅ ሳያሰማ ያስተኛዋል፣ የተኛውም አይነሣም። ስለዚህ ጉድጓዱ ተከፍቶ ያድራል። በማግስቱ የበራ ፋኖስ በገመድ ታስሮ ይወርድበታል። መብራቱ ከኖረ ሰው ይገባል፤ ከጠፋ ሌላ ቀን ይጠበቃል። አገሩ ይህን ሕግ የተማረው ሰው እየቀበረ ነው።

በሰኔ አንድ ጠዋት የደብሪቱን ጉድጓድ ሊከፍቱ አያ ሽብሩ መጡ። ጎረቤቷ ናቸው፤ ጉድጓድ ሲከፍቱ የሸበቱ ሽማግሌ። ጭቃውን ፈርፍረው ድንጋዩን ሲያነሡት ከውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ወጣ። ጥሩወርቅ ከደጃፉ ሆና ታያለች።

“እማ፣ እዚያ ውስጥ ምን አለ?”

“ሰይጣን አለ። የቀረበውን ልጅ ስቦ ይውጣል።”

አያ ሽብሩ ቀና አሉ። “የምን ሰይጣን ነው? ክፉ አየር አለበት በያት። ከገባሽ እንቅልፍ ይጥልሻል፣ አትነሺም በያት። ይገባታል እኮ።”

“አየር ብላት ትፈራለች? አየር ማን ይፈራል፣ አያ ሽብሩ?”

“እኔ እፈራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው ነው የኖርኩት፤ ለዚህ ነው በሕይወት የምታይኝ።”

“አንቱ ይፍሩ። የኔዋ ሰይጣን ካልተባለች አትሰማም።”

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። “እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ልጅ ጠባቂሽ ሰይጣን ሆነ። ደሞዙን ግን ቀድመሽ ጠይቂው፤ በነጻ የሚሠራ አይደለም።”

ደብሪቱም ሳቀች። ከዚያ አያ ሽብሩ ከብት እንዳይገባበት የጉድጓዱን አፍ በእሾህ ቅርንጫፍ ከለሉትና ወደ እርሻቸው ሄዱ። እውነቱን ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ሰይጣን ግን በአንድ ቃል ይጠራል። የደከመ ወላጅ የሚመርጠው አጭሩን ነው።

ደብሪቱ የቀረችውን ጥቂት ማሽላ ይዛ ወፍጮ ቤት ልትሄድ ስትነሣ፣ የሟች ባሏን ፋኖስ አውርዳ ልጇ ፊት አስቀመጠችው።

“ጥቀርሻውን በጨርቅ ጥረጊ። ነገ ለጉድጓዱ ይፈለጋል። ይህን መስታወት የሰበርሽ እንደሆነ ግን እጅሽን ነው የምሰብረው። ‘እኔ አይደለሁም’ ብትዪኝ እንኳ እግዜር ይነግረኛል።”

ጥሩወርቅ ሁለት እጆቿን አየቻቸው።

እናቶች ሲሉት የኖሩት ነገር ነው። እጅሽን እሰብረዋለሁ ያለች እናት ሁሉ እጅ ሰብራ አታውቅም። ይህን የምታውቀው ግን እናትየዋ ናት።

ደብሪቱ ዱቄቷን ተሸክማ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በሩ ተከፍቷል። ፋኖሱ በጎኑ ወድቋል፤ መስታወቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ልጅቷ የለችም።

“ጥሩወርቅ!”

መልስ የለም።

“የት አባሽ ነው የተደበቅሽው? ውጪ! አሁን ብትወጪ ይሻልሻል! እኔም አይቼሻለሁ፣ እግዜርም አይቶሻል!”

ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ከጓዳው ከዕቃው ኋላ ፈለገች። ጎረቤት ቤት ጠየቀች፤ ያያት የለም። ያን ጊዜ ቁጣዋ ሥር የተኛው ነገር ነቃ። ነጠላዋን አሸርጣ ወደ ወንዙ ሮጠች። አሸዋው ላይ የወፍ ዱካ ብቻ ነበር። ጎርፉ ያኛውን ልጇን የወሰደበትን ቦታ ላለማየት ፊቷን አዞረች፤ አልሆነላትም፣ አየችው። እየሮጠች ተመለሰች። ፍርሃቷ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጨምራል። የምታውቀው አጠራር ግን አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቷም ቁጣ ሆኖ ይወጣል።

“ጥሩወርቅ! ስይዝሽ ወየውልሽ! ትሰሚያለሽ?”

ልጅቷ ትሰማ ነበር። እናትየዋ ግቢው ውስጥ ከዚያ ወዲህ ስትመላለስ ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አልፋለች።

ጩኸቱን ሰምተው አያ ሽብሩ ከእርሻቸው መጡ። ዶማቸውን በር ላይ ጥለው ቤት ገቡ። ወለሉን አጎንብሰው አዩ።

“ደብሪቱ፣ ነይ እስቲ። ይህን አይተሻል?”

“አይቼዋለሁ እንጂ! የአባቷን ፋኖስ! አደራ ብያት ሄጄ...”

“መስታወቱን አላልኩሽም።” በጣታቸው አመለከቱ። ከስብርባሪው ጀምሮ እስከ በሩ መድረክ ድረስ ምስር የሚያካክሉ ጥቁር ቀይ ጠብታዎች ነበሩ። “መስታወቱን አይተሽ ደሙን አላየሽም? ልጅቷን ቆርጧታል። ከዚህ ቤት የወጣችው እየደማች ነው።”

ደብሪቱ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። በዚያው መድረክ ላይ ከወፍጮ ቤት ከተመለሰች ጀምሮ ስትወጣና ስትገባ ነበር። ደሙን ረግጣዋለች። ጫማዋ ሥር ደርቋል።

“እንዲህ ከጠራሻትማ” አሉ አያ ሽብሩ፣ “እንኳን የደማች ልጅ የጠፋ ውሻም አይመጣልሽ። ከአጥር ማዶ ሆኜ ስሰማሽ እኔ ራሴ ልደበቅ ዳድቶኝ ነበር።”

ደብሪቱ ተነሥታ ግቢው መሐል ቆመች። አፏን ከፈተች፤ የለመደችው ቃል አልመጣም። የመጣው አባትየው ሲኖር ልጅቷ የምትጠራበት ስም ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት አልተሰማም ነበር።

“ጥሩዬ... ጥሩዬ፣ ወዴት ነሽ? እጅሽን ልይልሽ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወዴት ነሽ ልጄ?”

ድምፅዋ መሐሉ ላይ ተሰበረ። 

“እዚህ ነኝ።”

ለቅጽበት ደብሪቱ ልቧ ዘለለ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ ገባት። የመጣው ከመሬት በታች ነው።

የእሾሁ ቅርንጫፍ አንድ ልጅ የሚያሾልክ ያህል ተገፍቷል። ደብሪቱ ወደ ጉድጓዱ አፍ ስትወረወር አያ ሽብሩ ቀሚሷን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቷት።

“አትግቢ! ሁለት ሬሳ ልታስወጪኝ ነው?”

“ልቀቁኝ! ልጄ ናት!”

“ልጅሽ ስለሆነች ነው የማለቅሽ! መብራት አምጪ! የት ድረስ እንደወረደች ሳናይ ሰው አይወርድም!”

መብራቱ ወለሉ ላይ ተሰባብሮ ተበትኗል። ደብሪቱ ቤት ገብታ ለማርያም የተሳለችውን ጧፍ አወጣች። ለኮሰችው። አያ ሽብሩ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቁመው በገመድ ለቀቁት። በኡኡታ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ።

በጉድጓዱ አንገት ግድግዳ ላይ መውረጃ እንዲሆን የተፈለፈሉ መርገጫዎች አሉ። ብርሃኑ ሲወርድ ጥሩወርቅ ታየች። በመጨረሻው መርገጫ ላይ ቆማ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች፤ በአንድ እጇ ከላይ ያለውን መርገጫ ይዛለች። ጧፉ ፊቷ አጠገብ ሲደርስ ነበልባሉ ኮሰሰ፤ ግን ኖረ። ሽማግሌው አንድ ክንድ ጨመሩለት። ጉልበቷ ዘንድ ሲደርስ ነበልባሉ ተኛ፤ ሰው በጣቱ እንደቆነጠጠው ሁሉ ጠፋ።

“ከጉልበቷ በታች ሞት ነው” አሉ አያ ሽብሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ጮክ ብለው፣ “ጥሩዬ! እንዳትቀመጪ እሺ? አይዞሽ። እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ።”

“እንቅልፌ መጣ” አለች ልጅቷ።

ገመድ ተወረወረላት፤ ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ። ከተሰበሰቡት ወንዶች አንዱም ትከሻው በዚያ አንገት አያልፍም። ደብሪቱ መሬት ላይ ተዘርግታ ተኛች።

“እግሬን እሰሩት” አለች። “በጭንቅላቴ ነው የምወርደው።”

ሁለት ዙር አሰሯት። አያ ሽብሩ ጆሮዋ ሥር፣ “ከእሷ በታች አትውረጂ። ብዙ አትተንፍሺ። ቶሎ” አሏትና ለቀቋት።

ጥሩወርቅ ቀና ስትል ከላይ ያለው ክብ ብርሃን ተዘጋ። ብርሃኑን ዘግቶ ወደሷ የመጣው ሁለት እጅ ነበር። እነዚያን እጆች ታውቃቸዋለች። እሰብረዋለሁ የተባለውን የራሷን እጅም ታውቀዋለች። የተቆረጠውን እጇን ወደ ጀርባዋ ሸሸገች። ስታፈገፍግ አንድ እግሯ ሸርተት አለ፤ አፈሩ ተንኮታኮተና ወደ ጨለማው ወረደ።

“ያዢኝ!” አለች ደብሪቱ።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

ደም ወደ ጭንቅላቷ እየወረደ፣ ጆሮዋ እየጮኸ፣ ደብሪቱ የልጇን ዓይኖች ከአንድ ክንድ ርቀት አየቻቸው። ሰይጣን ያየች ልጅ ዓይኖች ነበሩ። ያየችው ግን እናቷን ነው።

ከላይ አያ ሽብሩ፣ “ጨርሺ!” ይላሉ።

ያን ጊዜ ደብሪቱ አንድም እናት አስተምራት የማታውቀውን ነገር አደረገች። እጆቿን ሰበሰበች። አንድ በአንድ ወደ ኋላዋ አዞረቻቸውና ጀርባዋ ላይ ያዘቻቸው። ወደ ልጇ የቀረው ራሷና አንገቷ ብቻ ነበር።

“አየሽ? እጅ የለኝም” አለች። “አንገቴን ያዢ፣ ጥሩዬ።”

ልጅቷ አየቻት። ላይ ለቆሙት አንድ ትንፋሽ ያህል ነበር። ለደብሪቱ ግን ሦስተኛ ልጇን ቀብራ ሐዘኗን ተቀምጣ የጨረሰች ያህል ረዘመባት። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች በአንገቷ ዙሪያ መጡ። አንዱ እርጥብ ነበር። ደብሪቱ ከዚያ በኋላ ብቻ እጆቿን ፈትታ ልጇን አቀፈች።

“ሳቡ!”

ሲያወጧቸው ደብሪቱ ሣሩ ላይ በግንባሯ ወደቀች። ልጅቷ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። በጋቢ አራገቡላት፤ ውኃ ረጩባት። ብዙ ቆይታ አስመለሳት፤ ከዚያ አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። አንዳንዱ መሬት ስሞ ተነሣ።

አያ ሽብሩ ቁጢጥ ብለው ዓይኗን አዩ። “አንቺ ጉደኛ፣ እዚያ ሰይጣን አለ አልተባልሽም? እንዴት ብለሽ ገባሽ?”

ጥሩወርቅ እናቷን አየች፤ ከዚያ መሬት አየች።

“እማ እጄን ትሰብረዋለች። እግዜርም ይነግርባኛል” አለች። “ከሁለቱ ሰይጣኑ ይሻለኛል ብዬ ነው።”

ማንም አልሳቀም። ጠዋት የቀለዱት ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ደብሪቱ ከወደቀችበት ቀና ብላ፣ “አያ ሽብሩ፣ ደሞዙን ጠየቀኝ” አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብሪቱ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቁስሏን በለብታ ውኃ አጠበችላት። ከመዳፏ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ስባሪ መስታወት አወጣች። ልጅቷ እጇን አልሸሸገችም፤ ሰውነቷ ግን ገና እንደ ገመድ የተወጠረ ነው።

“እማ።”

“ወዬ።”

“መስታወቱን ስሰብር እግዜር አይቶኛል?”

የለመደችው መልስ ምላሷ ላይ ነበር። ለዓመታት የኖረ መልስ በአንድ ቀን አይለቅም። ደብሪቱ ዋጠችው።

“አይቶሻል።”

“ታዲያ ምን አለ?”

“እኔ እንጃ፣ ልጄ። ግን መጀመሪያ ያየው እጅሽን ይመስለኛል።”

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ የተወጠረው ሰውነቷ ቀስ እያለ ላላ፤ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደብሪቱ እንደ ወትሮዋ ትንፋሿን ልታዳምጥ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች። ልጅቷን ቀስ ብላ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰቻትና ሳመቻት።

ደብሪቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅድስት ሆነች ብዬ አልዋሽም። በሳምንቱ “ጅቡ መጣ” ብላ ግማሹ ላይ አፏን የያዘችበት ጊዜ ነበር። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። በመጀመሪያው የአትክልት ስፍራ፣ ዛፍ ሥር ለተሸሸጉት ለመጀመሪያዎቹ ወላጆቻችን የተሰማውን “ወዴት ነህ?” የሚል ጥሪ ቄሱ ሲያነቡ ሁልጊዜ የዳኛ ድምፅ ይመስላት ነበር። አሁን ያንን ድምፅ አወቀችው። ግቢው መሐል ቆማ በራሷ ጉሮሮ ጠርታበታለች። ልጁ የተደበቀበት ጉድጓድ አየር እንደሌለው የሚያውቅ ወላጅ ድምፅ ነው።

እግዚአብሔርን መፍራት ደግ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ፍርሃት አለ። አያ ሽብሩ ጉድጓዱን የሚፈሩት ፍርሃት ሰውን ከሞት ያርቀዋል። ደብሪቱ ልጇን ያስተማረችው ፍርሃት ሰውን ከሚያድነው ያርቀዋል። እኛ ለልጆቻችን ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም አስተማርናቸው። ከዚያ ሲያድጉ ከቤተ መቅደስ ለምን ሸሹ ብለን ዘመኑን እንወቅሳለን፣ ትምህርቱን እንወቅሳለን፣ ጓደኞቻቸውን እንወቅሳለን። መስታወቱን እየቆጠርን ደሙን ረግጠነው እናልፋለን።

እርሱ ግን እንዲህ አላደረገም። ጠርቶን ባልመጣን ጊዜ ወደ ጨለማው ራሱ ወረደ። እጁን ፈርተን እንዳናፈገፍግ ደግሞ ያንን እጅ አስቸነከረው። የተቸነከረ እጅ እንደማይመታ ልጅ እንኳ ያውቃል።

ይህን ያነበብክ አባት፣ ያነበብሽ እናት፣ ለሌላ ከማካፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ልጃችሁ ዛሬ አንድ ነገር ብትሰብር፣ እየደማች የምትሮጠው ወደ እናንተ ነው ወይስ ወደ ጉድጓዱ?